በእርባታ ወቅት በሽታ ከእባብ ወደ እባብ እንዴት ይሻገራል? እንዴትስ ይገታል?

«እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» ይባላል። ተረቱ የተተረተው ስለ ሰው ነው። እኔ ግን ቤቴ ካለው መደርደሪያ ፊት በቆምኩ ቁጥር ቃል በቃል ይታየኛል። መደርደሪያው ላይ አሥራ አንድ የፕላስቲክ ሳጥኖች አሉ፤ በየሳጥኑ አንድ እባብ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ሳጥኑ ካብ ሆኖ ይለያያቸዋል። ኅዳር ሲገባ ያንን ካብ በገዛ እጄ እከፍተዋለሁ፤ ወንዱን አውጥቼ ሴቷ ዘንድ አስገባዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ በጥንቃቄ የጠበቅኩትን ጤና ላጣው የምችለው በዚያች ደቂቃ ነው።

እባቦቹ ቦል ፓይተን የሚባሉ ናቸው። የዘንዶ ወገን ቢሆኑም ቁመታቸው ከ1 ሜትር ከ80 ብዙም አያልፍም፤ መርዝ የላቸውም። ሲፈሩ ጭንቅላታቸውን መሀል ደብቀው እንደ ኳስ ይጠቀለላሉ፤ ስማቸውም ከዚያ የመጣ ነው። የትውልድ አገራቸው ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ሲሆን ጋና፣ ቶጎና ቤኒን ለዓለም ገበያ በብዛት ይልካሉ። እኔ በምኖርበት አሜሪካ በየቤቱ ከሚያዙት እባቦች ዋነኞቹ እነዚህ ናቸው። በእንግሊዛውያን አቆጣጠር በ1992 በሰው እጅ የመጀመሪያው ነጭና ቢጫ አልቢኖ ከተፈለፈለ ወዲህ ቀለም እያዳቀሉ ማርባት ትልቅ ሥራ ሆኗል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም የፈረንጅ ናቸው።) ልዩ ቀለም ያለው ወንድ ውድ ስለሆነ አርቢዎች ይዋዋሱታል፤ በየባዛሩም ይገዛዙታል። የእኔን ቤት እባቦች የጀመራቸው ልጄ ነው፤ በ12 ዓመቱ አንዲት ጫጩት ይዞ መጣ። አሁን እሱ ኮሌጅ ነው፣ እባቦቹ እኔ ዘንድ ናቸው። ከወገን ልጆችም እባብ ማርባት የጀመሩ አሉ፤ ሲደውሉልኝ ሁልጊዜ ከምመልሰው ጥያቄ ተነሥቼ ነው ይህን የጻፍኩት።

ጥያቄው እንዲህ ነው፦ «ወንዱን አየሁት፣ ይበላል፣ ዓይኑ ጥሩ ነው፣ ጤነኛ ነው። ላገናኘው?»

መልሴ፦ ማየት አይበቃም። ለምን እንደማይበቃ ላስረዳ።

መንገዱ ወንዱ ነው

አገር ቤት ከብት ያረባ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። የመንደሩን ላሞች የሚያጠቃው ኮርማ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ኮርማው የያዘው በሽታ በአንድ ወቅት መንደሩን ያዳርሳል። ላሞቹ ጽንስ ይጥላሉ፣ ወይም ሳይይዙ ይከርማሉ፤ ኮርማው ግን ምንም ያልሆነ መስሎ ሣሩን ይግጣል። በእባብ እርባታም አንድ ወንድ ለአራት፣ ለአምስት፣ አንዳንዴም ለአሥር ሴቶች ይመደባል። ሁለት ሦስት ቀን አንዷ ዘንድ ያድራል፣ ወጥቶ ያርፋል፣ ወደ ቀጣይዋ ይገባል፣ ከዚያ ዙሩን እንደገና ይጀምራል። ወቅቱ ከኅዳር እስከ መጋቢት ስለሚዘልቅ በእነዚያ ወራት ቤቱ ውስጥ ከሳጥን ሳጥን የሚዞር አካል እሱ ብቻ ነው፤ ከእኛ እጅ በቀር።

ሳጥኑ ውስጥ ሲገባ የሚያደርገውን ቀርባችሁ አይታችሁ ከሆነ መንገዱ ግልጽ ነው። መጀመሪያ በምላሱ እየቀመሰ ዙሪያዋን ይዞራል። ቀጥሎ አገጩን ጀርባዋ ላይ እያሻሸ ይወጣባታል። ጅራቱ ሥር ግራና ቀኝ ባሉት ጥፍር መሰል ሹሎች ጎኗን ይኮረኩራታል። ከዚያ ጅራትና ጅራት ተጠማዝዞ ለብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ተጣብቀው ይቆያሉ። ከአንድ ገበታ ውሃ ይጠጣሉ፣ አንዱ የተጸዳዳበት ላይ ሌላው ይተኛል። የአፍ ፈሳሽ፣ ሰገራ፣ የብልት ፈሳሽ፣ በቆዳ ላይ የሚሄድ ተባይ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መሻገሪያ ያገኛል።

ይባስ ብሎ ወቅቱ እባቡ የሚደክምበት ነው። ወንዶቹ ለሳምንታት፣ አንዳንዶቹ ለወራት መብላት ያቆማሉ፤ ኪሎ ይቀንሳሉ። አንዳንድ አርቢ ደግሞ ስሜታቸውን ለማነሣሣት ብሎ የክፍሉን የሌሊት ሙቀት ዝቅ ያደርጋል። እባብ የራሱን ሙቀት አያመነጭም። ሰውነቱ በሽታን የሚታገለው ከውጭ ባገኘው ሙቀት ልክ ነው። የተራበ፣ የቀዘቀዘና እረፍት ያጣ እባብ ደብቆት የኖረው በሽታ ይነሣበታል። ሳል ደግሞ የለውም፤ እንደኛ ሳንባን ከሆድ የሚለይ ጡንቻ ስለሌለው አክታውን ገፍቶ ማስወጣት አይችልም። ንፍጡ እዚያው ይጠራቀማል፣ ከአፉም ይንጠባጠባል። የሚንጠባጠበውም ሴቷ ላይ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ አርቢ ወንድ ተዋስኩ። እባቡ ያማረ ነበር፤ ሚዛን ላይ 900 ግራም ወጣ። ኅዳር ስለገባ ቸኮልኩና በሦስተኛው ቀን አገናኘሁት። ጥር ላይ አንዲቷ ሴት አፏን ከፍታ፣ ጭንቅላቷን ወደ ላይ አንጋጣ አገኘኋት፤ ትንፋሿ እንደሚፈላ ውሃ ድምፅ ነበረው። የካቲት ላይ ሁለተኛዋ ተከተለች። ሁለቱም ሞቱ። ወንዱ እስከ መጨረሻው ቀን ምንም አልታየበትም። ያዋሰኝንም ሰው አልወቅሰውም፤ እሱም አላወቀም ነበር። መርምሮ የሚያውቅ በመካከላችን አልነበረም።

ከምን እንጠንቀቅ?

ቦል ፓይተን ለሚያረባ ሰው ቀዳሚው ስም ኒዶቫይረስ ነው፤ አዲሱ የሳይንስ ስሙ ሰርፔንቶቫይረስ ነው። ከኮሮና ቫይረስ ጋር በሩቅ ይዛመዳል። አርቢዎች ለረጅም ዘመን «ሳንባው ታመመ» እያሉ አንቲባዮቲክ ሲሰጡ የኖሩት፣ ከብዙዎቹ ጀርባ ያለውን ምክንያት የሚያውቅ ስላልነበረ ነው። በ2014 በአሜሪካና በኔዘርላንድስ ያሉ ተመራማሪዎች ሳንባቸው ከታመመ ዘንዶዎች ቫይረሱን ለየብቻ አገኙት። በ2018 የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቫይረሱን ለወጣት ቦል ፓይተኖች ሰጥተው እንደሚያሳምማቸው አረጋገጡ፤ አፋቸው ውስጥ ቀላ፣ ንፍጥ በዛ፣ ሳንባቸው ታመመ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ጥናት ደግሞ በ12 ስብስቦች የሚኖሩ 639 እባቦችን የመረመረ ነበር፤ ከአራቱ አንዱ ገደማ ቫይረሱ ተገኘበት። በዘንዶዎቹ መካከል ድርሻው ከዚያም ይበልጣል።

ከጥናቱ ለአርቢ ትልቁ ቁም ነገር ሌላ ነው። ቫይረሱ የተገኘባቸው እባቦች በተደጋጋሚ ሲመረመሩ አንዳንዶቹ ከሁለት ዓመት በላይ ይዘውት ቆይተዋል። «አንዴ ታሞ ነበር፣ ድኗል» የሚባል ወንድ ድኗል ማለት ላይሆን ይችላል። ንፍጡ ደርቆ፣ ምግብ ጀምሮ፣ ቫይረሱን ግን እያራባ ሊኖር ይችላል። ክትባት የለውም፤ ቫይረሱን ራሱን የሚገድል መድኃኒትም የለም። ሐኪሙ የሚሰጠው አንቲባዮቲክ በላዩ ላይ የሚደረበውን ባክቴሪያ ብቻ ነው የሚያክመው።

ቦአ የሚባለውን ሌላ መርዝ የሌለው ትልቅ እባብ ለሚያረቡ ደግሞ ሥጋቱ በምህጻረ ቃል አይቢዲ የሚባለው ነው። ሕዋስ ውስጥ የፕሮቲን ጓል እየተከመረ የሚሄድበት በሽታ ሲሆን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። መንስኤው ግን ለአርባ ዓመት ያህል ሳይታወቅ ቆየ። የተገኘበት ታሪክ ደስ ይለኛል። ለቦአዋ ደኅንነት የተጨነቀች አንዲት ባለቤት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ለሚሠራው የቫይረስ ተመራማሪ ለጆ ዴሪሲ ደብዳቤ ጻፈች፤ «ይህን በሽታ መርምሩልን» ብላ። ቡድኑ ሥራውን ቀጠለና በ2012 አሬናቫይረስ ከሚባለው ወገን የሆነ ቫይረስ ከታመሙ እባቦች ማግኘቱን አሳተመ። እባብ የሚወድ አንድ ሰው ጠይቆ ካላሰለቸ መልስ የማይገኝለት ጥያቄ ብዙ ነበር።

አይቢዲ በቦአና በዘንዶ ላይ የሚያሳየው ጠባይ አይመሳሰልም። ቦአ ለዓመታት ይዞት ምንም ሳይመስል ሊኖር ይችላል። ዘንዶ ሲይዘው ነርቩን ይመታዋል፤ ጭንቅላቱን ያንጋጥጣል፣ በጀርባው ሲገለበጥ መቃናት ያቅተዋል፣ ብዙ ሳይቆይም ይሞታል። ስለዚህ ቦአና ዘንዶ በአንድ ክፍል አይኑሩ እላለሁ። በተጨማሪም ቦአ እንቁላል አይጥልም፣ ይወልዳል፤ ቫይረሱ ከወላጅ ወደ ልጆች እንደሚተላለፍ በ2017 የታተመ ጥናት አሳይቷል። በበሽታው የተያዘች ቦአን ማስወለድ በሽታውን በሃያና ሠላሳ ጫጩት ለሃያና ሠላሳ ቤት ማደል ነው።

ሦስተኛዋ በዓይን የምትታይ ናት፦ የእባብ ቅንቅን። ከመዥገር ወገን ናት፣ ደም ትመጥጣለች። እንደ ተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ጥቁር ነጥብ ትመስላለች፤ ልዩነቱ ነጥቡ ይሄዳል። አንዲት ሴት ከ60 እስከ 80 እንቁላል ትጥላለች፤ በሞቃት ክፍል ከእንቁላል እስከ ሙሉ አካል ሁለት ሳምንት ገደማ ይበቃታል። እንቁላሏን የምትጥለው እባቡ ላይ አይደለም፤ በሳጥኑ ጥግ፣ በመደርደሪያው ስንጥቅ፣ በጨለማና በእርጥበት ውስጥ ነው። ስለዚህ ወንዱን መልሰህ ስትወስደው እሷ የሴቷ ሳጥን ውስጥ ቀርታለች። ደም መምጠጧ ብቻ አይደለም ችግሯ፤ ከእባብ ወደ እባብ ስትሄድ በሽታ ይዛ እንደምትሻገር፣ አይቢዲንም ጭምር፣ ባለሙያዎች ይጠረጥሯታል።

ክሪፕቶስፖሪዲየም (ባጭሩ ክሪፕቶ) የሚባለው የጨጓራ ጥገኛ ኮርን ስኔክ በሚባለው ሌላ የቤት እባብና በዘመዶቹ ላይ ይበረታል። እባቡ የበላውን ከቀናት በኋላ ይተፋል፣ ይከሳል፣ ሆዱ መሀል ላይ እብጠት ይወጣል። የሚተላለፈው በሰገራና በትውኪያ ሲሆን አስተማማኝ ፈውስ የለውም። የቆዳ ፈንገስና ፌርላቫይረስ የሚባል ሌላ የሳንባ ቫይረስም አሉ። እነሱን በዝርዝር አልሄድባቸውም፤ ከታች የምናገረው ጥንቃቄ እነሱንም ይመለከታልና።

ነሐሴ ላይ ያልጀመረ ኅዳር አይደርስም

አዲስ የገባ እባብ ሁሉ፣ የተገዛም ይሁን የተዋሱት፣ ተውሶ ሄዶ የተመለሰ የራስ ወንድም ቢሆን፣ ለይቶ ማቆያ ይገባል። ትንሹ ጊዜ 90 ቀን ነው፤ ስድስት ወር የሚያቆዩ አሉ፣ እኔም ለቦአ ስድስቱን እመርጣለሁ። በኅዳር ሊያገናኝ የሚፈልግ ሰው ወንዱን ቢዘገይ በነሐሴ መጀመሪያ ቤቱ ማስገባት አለበት። መስከረምና ጥቅምት በባዛር የተገዛ ወንድ ለዘንድሮ አይሆንም፤ ለከርሞ ነው። ይህን ስል ብዙዎች ይከፋቸዋል። ዋጋውን ከፍለዋላ! እኔ ግን ሁለት ሴቶች ቀብሬአለሁ።

ለይቶ ማቆያ ማለት መደርደሪያው ላይ ታችኛው ሳጥን አይደለም። ሌላ ክፍል ነው፤ በር የሚዘጋ፣ የራሱ መቆንጠጫ፣ የራሱ የውሃ ገበታ፣ የራሱ መጥረጊያ ያለው። ሌላ ክፍል የሌለው ሰው አንድ ዘመድ ቤት ማስቀመጥ ይሻለዋል። ወለሉ ላይ የሚነጠፈው ነጭ የወጥ ቤት ሶፍት ይሁን። እንጨት ፍርፋሪም ሆነ የኮኮናት ገለባ አይመቸኝም፤ ነጭ ወረቀት ላይ ቅንቅን ትታያለች፣ የንፍጥ ነጠብጣብ ይታያል፣ የሰገራው መልክ ይታያል። በየቀኑ የሚሠራው ሥራም ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ጤነኞቹ፣ ከዚያ ጫጩቶች ካሉ በተራቸው፣ ለይቶ ማቆያው መጨረሻ። ከዚያ ክፍል ወጥቶ ተመልሶ ወደ ጤነኞቹ መሄድ የለም፤ እጅ ታጥቦ፣ ልብስ ተቀይሮ፣ በማግስቱ።

ምርመራው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ሲገባ፣ አንዴ ሊወጣ ሲል። ገና የያዘው እባብ በመጀመሪያው ምርመራ ሊያመልጥ ስለሚችል የአንድ ቀን «የለበትም» ውጤት ሙሉ መተማመኛ አይሰጥም። ለኒዶቫይረስ ጫፉ ላይ ጥጥ መሰል ነገር ያለው ዘንግ በአፉ ውስጥ፣ በላንቃው ስንጥቅና በጉሮሮው መግቢያ ይታሻል፤ ከዚያ ላቦራቶሪ ሄዶ በኮቪድ ጊዜ ሁላችንም በለመድነው ፒሲአር ይመረመራል። አይቢዲ ግን በአፍ ናሙና ብቻ አይታመንም፤ ደም ያስፈልጋል። ክሪፕቶ ደግሞ ከሰገራ ወይም ከጨጓራ እጥበት ነው የሚፈለገው። አንዱን አስመርምሮ «ንጹሕ ነው» ብሎ ማወጅ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሻጩን «ንጹሕ ከምኑ?» ብላችሁ ጠይቁት። ወንዱ ብቻም አይደለም፤ ሴቶቹም ይመርመሩ። ወንዱ ጤነኛ ገብቶ ከመጀመሪያዋ ሴት ወስዶ ለቀሪዎቹ ማዳረስ ይችላልና።

ለሁሉም ምርመራ አቅም የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ይህን ጥያቄ አከብረዋለሁ፤ የእንስሳት ሐኪም ውድ ነው። ቢያንስ ወንዱን ይመርምር። ሴቶቹንም በቡድን ይክፈል፤ አንድ ወንድ ለሦስት ሴቶች ተመድቦ፣ ከዚያ ቡድን ሳይወጣ፣ ከዓመት ዓመት እዚያው ይቆይ። ችግር ቢመጣ አራት እባብ ያጠቃል እንጂ አሥራ አንዱን አይደለም። ይህ ዘዴ ምርመራን አይተካም፤ ጉዳቱን ግን በግማሽና ከዚያም በላይ ይቀንሳል።

የማገናኛው ዕለት

እኔ ወንዱን ከሳጥኑ ሳወጣ የማደርገውን ልንገራችሁ። መብራት እጨምራለሁ። መጀመሪያ እሱን አልነካም፤ የውሃ ገበታውን አየዋለሁ፤ ቅንቅን ካለች ሰጥማ ገበታው ሥር እንደ ጥቁር አሸዋ ታርፋለች። ከዚያ አንሥቼ ዓይኑ ዙሪያ ያለውን ቀለበት፣ አገጩ ሥር ያለውን እጥፋት እመለከታለሁ። ነጭ ሶፍት በውሃ አርሼ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ በቀስታ አሳልፈዋለሁ፤ ሶፍቱ ላይ ነጥብ ካየሁ የዕለቱ ሥራ እዚያው ይቆማል። ጆሮዬን ወደ አፍንጫው አስጠግቼ አዳምጣለሁ። ጤነኛ ትንፋሽ አይሰማም፤ ፉጨት፣ ጠቅ ጠቅታ ወይም የአረፋ ድምፅ ካለ ይመለሳል። ከንፈሩን በጣቴ ገልጬ የአፉን ውስጥ አያለሁ፤ ፈዘዝ ያለ ሮዝ መሆን አለበት፤ ቀልቶ ወይም ክር የሚስብ ምራቅ ይዞ ከሆነ አላገናኘውም። መጨረሻ ሚዛን ላይ አወጣዋለሁ። ባለፈው ከተመዘነው ብዙ ከቀነሰ ያርፋል፤ ሴቷ ትጠብቅ። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሳወጣውም ያንኑ እደግማለሁ። ከዚያ እጄን በሳሙና ታጥቤ ነው ቀጣዩን ሳጥን የምነካው። ማን ከማን ጋር ስንት ቀን እንዳደረ በደብተር እጽፋለሁ። በአእምሮ መያዝ ይቻላል ትሉ ይሆናል። ጥር ላይ አንዷ ብትታመም ግን ወንዱ ከእሷ በኋላ የት የት እንደገባ የሚነግራችሁ ያ ደብተር ብቻ ነው።

በዚህ ወቅት ከሚሠሩ ስሕተቶች እጅግ የተለመደው የምግብ ነው። ወንዱ አይበላም ብያለሁ። ቀዝቅዞ የነበረ አይጥ ሟሙቶ፣ ሞቆ ይቀርብለታል፤ ያሸታል፣ በአፉ ይነካል፣ ይተወዋል። አይጡ ደግሞ በገንዘብ የተገዛ ነው፤ እጅ ሳይወድ በግድ ወደ ቀጣዩ ሳጥን ይዘረጋል። ይህ የአንዱን ምራቅ በማንኪያ ለሌላው ማጉረስ ነው! የተተወ አይጥ ይጣል። ማባከን ከከበዳችሁ በወቅቱ ለወንዶቹ ትንሽ አይጥ አቅርቡ፣ ወይም ጭራሹን አታቅርቡ።

ሌሎችም ጓዳዊ ልማዶች አሉ። ወንዱን ለማነሣሣት የሌላ ወንድ የተገፈፈ ቆዳ ሳጥኑ ውስጥ መጨመር፣ ወይም ሁለት ወንዶች ለጥቂት ደቂቃ እንዲታገሉ ማድረግ የቆየ ዘዴ ነው፤ ሁለቱም አያስፈልግም፣ በተለይ ቆዳው ከሌላ ቤት የመጣ ከሆነ። ጾታ ለመለየት ጅራት ሥር የሚገባው የብረት ዘንግ ከእባብ ወደ እባብ ሳይጸዳ አይለፍ። የሴቷን እንቁላል ዕድገት ለማየት አልትራሳውንድ ይዞ ከቤት ቤት የሚዞር ወዳጅ ካለም፣ መሣሪያው ቤታችሁ ከመግባቱ በፊት ከየት እንደመጣ ጠይቁ፤ ፊታችሁም ይጸዳ። ሰውየው ቢቀየም ይቀየም።

ስለ ማጽዳት አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን ይስታል። በረኪና በቆሻሻ ላይ ሲፈስ ጉልበቱን ቆሻሻው ላይ ይጨርሳል። ስለዚህ ሳጥኑና ዕቃው መጀመሪያ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ ቀጥሎ 1 እጅ በረኪና በ10 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ለ10 ደቂቃ ይቆይ፤ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ ይለቅለቅና ይድረቅ። የበረኪና ትነት ለእባብ ሳንባ ጠንቅ ነውና እባቡ ሳጥኑ ውስጥ እያለ አይሆንም። ኒዶቫይረስም አይቢዲም የስብ ሽፋን ያላቸው ቫይረሶች ስለሆኑ በዚህ ይሞታሉ። ክሪፕቶ ግን በረኪናን ይቋቋማል፤ እሱ የነካውን ርካሽ ዕቃ መጣል፣ የማይጣለውን ማፍላት ይሻላል። አሞኒያ ይገድለዋል ሲባል ሰምታችሁ ከበረኪና ጋር እንዳትቀላቅሉት አደራ፤ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።

ለቤተሰብም እንዲሁ። ጤነኛ የሚመስል እባብ ሳልሞኔላ ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህ የእባብ ዕቃ በወጥ ቤት ማጠቢያ አይታጠብም፣ ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃንም እባቡንም ሳጥኑንም አይነካም።

ውጤቱ «አለበት» ቢልስ?

ያን ቀን እርባታው ይቆማል፤ ለተገኘበት እባብ ብቻ ሳይሆን ለቤቱ ሁሉ። በደብተሩ ላይ ከእሱ ጋር የተገናኙት ሁሉ ተለይተው ይመረመራሉ፤ ዛሬ የለባቸውም ቢባሉም ከጥቂት ወራት በኋላ ይደገማል። ምንም እባብ፣ እንቁላልም ቢሆን፣ ከቤቱ አይወጣም። የታመመውን አሳርፎ ማኖር ወይም ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ስቃይ በሌለው መንገድ እንዲሞት ማድረግ የባለቤቱ ውሳኔ ነው፤ በዚህ ላይ ማንንም አልፈርድም። ያለ ምልክት የሚኖር እባብ ለብቻው፣ በሌላ ክፍል፣ ሳይዳቀል ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። መሸጥ ግን አይቻልም፣ በርካሽም ቢሆን፣ «ለቤት እንስሳነት ብቻ» ተብሎም ቢሆን።

ከሁሉ የሚከብደው ስልክ መደወል ነው። ያዋሳችሁን ሰው፣ ያዋሳችሁትን ሰው፣ ባለፈው ዓመት ጫጩት የገዛችሁን ሰው። እኔ ያኔ ስደውል እጄ ተንቀጥቅጧል፤ ስሜ ይጠፋል ብዬ። ያዋሰኝ ሰው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ «የእኔም ሁለት ሴቶች ባለፈው ጸደይ ሞተዋል፣ ከሙቀት ማነስ መስሎኝ ነበር» አለኝ። በሳምንቱ ሁሉንም አስመረመረ።

አሁን በእኔ ቤት እንቁላል ሲገኝ፣ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስምንት ነው፣ ከሳጥኗ አውጥቼ በታጠበ ዕቃ ማስፈልፈያ ውስጥ አስቀምጣለሁ። በ31 እና በ32 ዲግሪ መካከል ከ55 እስከ 60 ቀን ይቆያል። አፍንጫቸውን ከቅርፊቱ አውጥተው ለአንድ ቀን ያህል እዚያው ያርፋሉ፤ ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ድምፅ ማሰማት አልወድም። ሲወጡ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ትንሽ ሳጥን፣ ነጭ ሶፍትና የውሃ ገበታ ይጠብቃቸዋል። ሳጥኑ ላይ በተለጠፈ ወረቀት በእስክሪብቶ የእናትና የአባቱ ቁጥር፣ ሁለቱ የተመረመሩበት ቀን፣ የተመረመሩበት በሽታ ስም ይጻፋል። ጫጩቱን የሚወስደው ሰው ወረቀቱንም አብሮ ይወስዳል።